የእርሳስ አረንጓዴ ሶሉሽን፦ ከፈሳሽ አሞኒያ ክሪስታል የማውጣት የጉዳይ ጥናት

ሶዲየም ፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ሲገባ ፈሳሹ ወዲያው ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን የሚሰጠው ከሶዲየሙ ተላቆ በአሞኒያ ሞለኪውሎች የተከበበ ኤሌክትሮን ነው። እዚያው ላይ እርሳስ ቢጨመር ሰማያዊው ቀስ በቀስ ይጠፋና በቦታው ጥቁር አረንጓዴ ይመጣል። ይህን ለውጥ ፈረንሳዊው ኬሚስት ዦአኒ በ1891 መዝግቦታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አረንጓዴው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የእርሳስና የሶዲየም ምጣኔው በ1931 በትክክል ታወቀ። ያ የእርሳስ አዮን ከአሞኒያ ከራሱ በክሪስታል ወጥቶ፣ አሞኒያውን እንደያዘ አወቃቀሩ በኤክስሬይ የተነበበበት ሥራ ግን የታተመው በ2001 ነው። በመካከሉ 70 ዓመት አለ። ይህ ጥናት የሚመለከተው ክሪስታሉን ለዚያን ያህል ጊዜ የከለከለው ምን እንደነበርና ዛሬ በላቦራቶሪ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ምጣኔው ያለ ክሪስታል እንዴት ታወቀ

የመጀመሪያው ፍንጭ ከኤሌክትሮሊሲስ መጣ። አሜሪካዊው ቻርልስ ክራውስ በ1907 በአረንጓዴው ሶሉሽን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ እርሳሱ የወጣው በአኖዱ (በአዎንታዊው ኤሌክትሮድ) ላይ ነበር። በውሃ ውስጥ እርሳስ አዎንታዊ አዮን ስለሆነ ወደ ካቶድ ነው የሚሄደው። እዚህ ወደ አኖድ ከሄደ አሉታዊ ቻርጅ ተሸክሟል ማለት ነው። በ1917 ስሚዝ መጠኑን ለካው፤ ሶሉሽኑ በእርሳስ በጠገበ ጊዜ ለአንድ ኤሌክትሮን ወደ 2.25 የሚጠጋ የእርሳስ አተም ይደርሳል። 2.25 ደግሞ ዘጠኝ ለአራት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። ዘጠኝ የእርሳስ አተሞች በጋራ አራት ኤሌክትሮን ይዘዋል።

ኤድዋርድ ዚንትል በፍራይቡርግ ከባልደረቦቹ ጋር በ1931 ያሳተመው ሥራ ነገሩን አጸናው። ስልቱ ቀላልና ብርቱ ነበር። እርሳስ አዮዳይድ በፈሳሽ አሞኒያ ይሟሟል። ይህንና የሶዲየሙን ሰማያዊ ሶሉሽን በቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ በልክ እያገናኙ የኤሌክትሮዱን ፖቴንሻል መከታተል ነው፤ አንድ ውህድ ተጠናቆ ሌላው በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ፖቴንሻሉ ይዘላል። ለዘጠኝ ሞል እርሳስ አዮዳይድ 22 ሞል ሶዲየም ያስፈልጋል። 18ቱ ሶዲየም ከአዮዳይዱ ጋር ጨው ይሆናሉ፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ከዘጠኙ እርሳስ ጋር ይቆማሉ። አንድም ክሪስታል ሳይታይ የአሉታዊው አዮን ምጣኔና ቻርጅ በትክክል ተገኘ። ከዘመኑ መሣሪያ አንጻር ይህ እጅግ የሚደነቅ የልኬት ሥራ ነው።

ዚንትል አሞኒያውን ሲያስወጣ ግን የቀረው ዝቃጭ በኤክስሬይ ምንም መስመር አልሰጠም፤ ሥርዓት የሌለው ዱቄት ነበር። የበለጠ ሲደርቅና ሲሞቅ ደግሞ ተራ የሶዲየምና የእርሳስ ቅይጥ ሆነ። በሶሉሽን ውስጥ ያለው ዘጠኝ አተም ያለው አዮን በደረቁ ጠጣር ውስጥ አልነበረም።

ክሪስታሉን የከለከለው ምን ነበር

መልሱ ያለው በአሞኒያው ድርሻ ላይ ነው። በ2001 ኮርበርና ፍላይሽማን አወቃቀሩን ያሳተሙት የሊቲየም ጨው ሲቆጠር እንዲህ ነው፦ አንድ ዘጠኝ አተም ያለው የእርሳስ ክላስተር (እርስ በርስ የተያያዙ አተሞች ስብስብ)፣ አራት ሊቲየም፣ እና 17 የአሞኒያ ሞለኪውሎች። እያንዳንዱ ሊቲየም በአራት አሞኒያ በአራት አቅጣጫ ተከብቧል፤ ይህ 16 ይሆናል። አሥራ ሰባተኛው ከማንም ጋር ሳይተሳሰር በመካከል ይቀመጣል። ተመሳሳዩ የቲን ውህድም አብሮ ታትሟል። በክብደት ሲሰላ አሞኒያው በእርሳሱ ጨው 13 ከመቶ፣ በቲኑ ደግሞ 21 ከመቶ ገደማ ነው።

አሞኒያው ሲወጣ ሊቲየሙ ወይም ሶዲየሙ እርቃኑን ይቀራል። እርቃኑን የቀረ አዎንታዊ አዮን አራት ትርፍ ኤሌክትሮን ከተሸከመ ክላስተር አጠገብ ሲቆም ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ ቻርጁ ይመለሳል፣ ክላስተሩ ይፈርሳል፣ ቅይጥ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት አሞኒያ አሟሚ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን አዮኖች ለይቶ የሚያቆም የግንባታው አካል ነው። ስለዚህ ክሪስታል ለማግኘት አሟሚውን ማትነን የሚለው የተለመደ ስልት እዚህ ላይ ውህዱን ራሱን ማጥፋት ነው።

በመካከሉ ሌሎች ችግሩን በሌላ በር ገብተው ፈትተውት ነበር። ኩመርና ዲል በ1970 በአሞኒያ ፋንታ ኤቲሊን ዳያሚን ተጠቅመው የሶዲየምና የቲን ክሪስታል አገኙ፤ በዚያ ውስጥ ለዘጠኝ ቲን ሰባት የአሟሚው ሞለኪውሎች አሉ። ጆን ኮርቤት ከ1975 ጀምሮ ክሪፕታንድ የተባለውን ትልቅ ሞለኪውል ጨመረ። ክሪፕታንድ ሶዲየሙን ወይም ፖታሲየሙን ከውስጡ አስገብቶ ስለሚዘጋበት ኤሌክትሮኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ክሪስታሎቹም በክፍል ሙቀት የሚያዙ ሆኑ። ዋጋው ግን አለ፤ ክሪፕታንድ ውድ ነው፣ ግዙፍነቱም ክሪስታሉ ውስጥ ያለውን አደረጃጀት በብዛት ይወስነዋል። ክላስተሩን ከትንንሽ አዮኖች ጋር ለማየት የሚፈልግ ሰው አሁንም ወደ አሞኒያ መመለስ አለበት።

መጠኖቹና አሠራሩ

ለአንድ አነስተኛ ሙከራ 0.25 ሚሊሞል ክላስተር ይበቃል። ይህም 466 ሚሊግራም እርሳስ (2.25 ሚሊሞል) እና 6.9 ሚሊግራም ሊቲየም (1 ሚሊሞል) ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው አደጋ ይታያል፤ በሊቲየሙ ላይ የ1 ሚሊግራም ስህተት 14 ከመቶ ስህተት ነው። መፍትሔው እርሳሱን በጥቂቱ ማብዛት ነው። እርሳስ ሲበዛ ሶሉሽኑ በስሚዝ ሙከራ እንደነበረው እስከ 2.25 ይጠግባል፣ ትርፉ ጠጣር ሆኖ ከታች ይቀራል። ሊቲየም ከበዛ ግን ሰማያዊው አይጠፋም፤ ይህ ደግሞ ሌሎች ምርቶችን ይጋብዛል። በጥቂቱ ወደ እርሳስ ማድላት ይሻላል።

ሊቲየሙ የሚቆረጠው በአርጎን በተሞላ ግሎቭ ቦክስ (አየር በማይገባው፣ በጓንት በሚሠራበት ሳጥን) ውስጥ ነው። ናይትሮጅን የሚጠቀም ቦክስ አይሆንም፤ ሊቲየም በክፍል ሙቀት እንኳ ከናይትሮጅን ጋር ይዋሃዳልና ላዩ ይጠቁራል። የጠቆረው ገጽ ተፍቆ የሚያብረቀርቀው ብቻ ይመዘን። እርሳሱ ደግሞ ኦክሳይዱ የተፋቀለት ቀጭን ቅጠል ወይም ንጹሕ ዱቄት ይሁን፤ ጠጣር ጉብታ በ−40 ዲግሪ እጅግ በዝግታ ነው የሚሟሟው።

አንዳንዶች በሜታሎቹ ፋንታ አስቀድሞ የተቀለጠ ቅይጥ ይመርጣሉ። አራት ፖታሲየም ለዘጠኝ ቲን ከተባለ ለ1 ሚሊሞል 156 ሚሊግራም ፖታሲየምና 1.068 ግራም ቲን ይመዘናል። የጋለ ፖታሲየም መስታወት ስለሚበላ ቅይጡ በተበየደ የታንታለም ወይም የኒዮቢየም ቱቦ ውስጥ ቢቀልጥ ይመረጣል። የዚህ መንገድ ጥቅሙ ክላስተሩ በጠጣሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ መቆየቱ ነው፤ ሴቮቭና ኬኖ በ1998 ዘጠኝ አተም ያለው የእርሳስ ክላስተር ከፖታሲየም ጋር በደረቅ ጠጣር ውስጥም እንዳለ አሳይተዋል። አሞኒያው የሚያስፈልገው ለማሟሟትና አዮን ለመለዋወጥ ብቻ ይሆናል።

የዚንትልን የአዮዳይድ መንገድ ለክሪስታል ማሳደጊያ አንመክርም። ለአንድ ክላስተር 18 ሶዲየም አዮዳይድ ይወጣል፤ አዮዳይዶች በአሞኒያ በብዛት ስለሚሟሟ አብረው ይቀራሉ። ለልኬት ግሩም ነው፣ ለማጥራት ግን መከራ ነው።

አሞኒያውን ማድረቅ የሥራው ግማሽ ነው። ከሲሊንደር የመጣው ጋዝ በመጀመሪያ በደረቅ በረዶና አይሶፕሮፓኖል መታጠቢያ (ፍላስኩ በሚጠልቅበት ቀዝቃዛ ድብልቅ) በቀዘቀዘ ፍላስክ ውስጥ በሶዲየም ወይም በፖታሲየም ላይ ይጠራቀማል። ሰማያዊው ለሰዓታት ሳይጠፋ ከቆየ ውሃው አልቋል። ከዚያ ወደ ሥራው ፍላስክ ተንኖ እንደገና ይጠራቀማል። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ሒሳቡ ይናገራል፦ 15 ሚሊ ሊትር አሞኒያ 10 ግራም ያህል ይመዝናል። በክብደት ከ10,000 እጅ አንድ እጅ ውሃ ካለበት 1 ሚሊግራም ውሃ፣ ማለትም 0.057 ሚሊሞል ነው። ከ1 ሚሊሞል ሊቲየም ወደ 6 ከመቶ የሚሆነውን ያጠፋል፣ በምትኩም ሃይድሮክሳይድ ይተዋል።

ስለ መታጠቢያው አንድ ማስታወሻ። አሞኒያ የሚረጋው በ−77.7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሚፈላው በ−33.3 ዲግሪ ነው። ደረቅ በረዶ በባሕር ወለል −78.5 ዲግሪ ስለሆነ ንጹሕ አሞኒያ በፍላስኩ ጥግ ሊረጋ ይችላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ደረቅ በረዶው ወደ −82 ዲግሪ ይወርዳል፣ አሞኒያውም በ−39 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እዚያ የሚሠራ ሰው በመጽሐፍ ባለው −33 ላይ ከተማመነ ፍላስኩ ሲከፈት ፈሳሹ ይገነፍልበታል።

አሞኒያው ከተጠራቀመ በኋላ ፈሳሹ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር ይጠበቃል፤ የቲኑ ቀይ ቡናማ ነው። ከዚያ ፍላስኩ በ−40 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይነካ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት ይቀመጣል። እዚህ ትዕግሥት ምትክ የለውም። እየከፈቱ ማየት ሙቀትና እርጥበት ከማስገባት ሌላ ፋይዳ የለውም።

የደህንነቱ ነገር በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ በ20 ዲግሪ የአሞኒያ ግፊት 8.6 ባር ገደማ ነው። ማቀዝቀዣው ቢቆምና ፍላስኩ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ቢገኝ መስታወቱ ይፈነዳል። 15 ሚሊ ሊትሩ በሙሉ ቢተን ከ14 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ግድ ነው። የግፊት ማስተንፈሻው ዘይት እንጂ ሜርኩሪ አይሁን፤ ሜርኩሪና አሞኒያ የሚፈነዱ ውህዶች ሊሠሩ ይችላሉ። የነሐስና የመዳብ ማያያዣዎችም በአሞኒያ ስለሚበሉ ዝገት የማይነካው ስቲል ይመረጣል።

ምን ይበላሻል፣ ለምን

ሰማያዊው እርሳሱ ሳይነካ ከነጣ፣ ሊቲየሙ ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ አማይድ ሆኗል፤ ሃይድሮጅንም ወጥቷል። ይህ ግብረ መልስ በንጹሕ መስታወት ውስጥ ዝግ ያለ ነው፣ ብረትና ዝገት ግን ያፋጥኑታል። የዛገ ስፓቹላ ወይም ከሲሊንደሩ አፍ የመጣ የዝገት ብናኝ ሙሉውን ሙከራ ሊገድል ይችላል። ጋዙን በማጣሪያ አሳልፎ ማስገባት ያዋጣል።

የማግኔት ማማሰያው ቴፍሎን ከሆነ ይጠቁራል። በአሞኒያ ውስጥ ያለ ነጻ ኤሌክትሮን ከቴፍሎን ፍሎሪኑን ይነጥቃል፤ በዚህም ሁለት ጉዳት ይመጣል፣ ሊቲየሙ ይጎድላል፣ ፍሎራይድም ይገባል። በመስታወት የተሸፈነ ማማሰያ ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሳያማስሉ ይተዉት። የሲሊኮን ቅባትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ጠንካራ ቤዝ ስለሚፈታው ማንም ያላቀደው የሲሊኮን ጨው በሚያምር ክሪስታል ይወጣል፤ ተመራማሪውም ቀኑን በዚያ ይፈጃል።

ነጭ ወይም ቀለም የሌላቸው ክሪስታሎች ሲታዩ ቶሎ መደሰት አይገባም። አማይድ ሊሆኑ ይችላሉ። ደረቅ በረዶ ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚጠረጠረው አሞኒየም ካርባሜት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይሠራል። ፍላስክ ከመታጠቢያው ጎን ሲከፈት አርጎኑ በብርቱ ይንፈስ። የምንፈልጋቸው ክሪስታሎች ጥቁር ቀለም ያላቸው ናቸው።

በፍላስኩ ግድግዳ ላይ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ የእርሳስ ወይም የቲን ሽፋን ከታየ ኦክስጅን ገብቷል፤ ክላስተሩ ኤሌክትሮኑን አጥቶ ወደ ሜታሉ ተመልሷል። ከፈሳሹ ደረጃ በላይ ብቻ ዱቄት ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ማቀዝቀዣው ሲጠፋና ሲበራ የሙቀቱ መዋዠቅ አሞኒያውን ከላይ እያደረቀው ነው። ፍላስኩን በአይሶፕሮፓኖል በተሞላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ከፈሳሹ ደረጃ በላይ ማጥለቅ መዋዠቁን ያበርደዋል።

ከፍላስክ ወደ ኤክስሬይ

ብዙ ጥሩ ክሪስታሎች የሚሞቱት እዚህ ነው። ክሪስታሉ ከቅዝቃዜው ሲወጣ አሞኒያው በሴኮንዶች ውስጥ ይለቀዋል፣ ያኔም ዚንትል ያየው ሥርዓት የለሽ ዱቄት ይቀራል። መፍትሔውን ኮትከና ሽታልከ በ1993 ያሳተሙት አሠራር ሰጠ። በማይክሮስኮፕ ስር ቀዝቃዛ የናይትሮጅን ጅረት ይነፍሳል። በእሱ ስር ከእርጥበትና ከአየር የጸዳ የፐርፍሎሮ ፖሊኤተር ዘይት ጠብታ ይቀመጣል። አስቀድሞ በቀዘቀዘ ስፓቹላ ክሪስታሎቹ ካደጉበት ፈሳሽ ጋር ተዝቀው በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባሉ። ዘይቱ ይሸፍናቸዋል፣ አሞኒያውም አይወጣም። ተመርጦ በናይለን ቀለበት የተያዘው ክሪስታል በዲፍራክቶሜትሩ (በኤክስሬይ መለኪያው) ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ በ100 እስከ 123 ኬልቪን ወዲያው ይገባል። ዘይቱ ጠጥሮ ይይዘዋል።

የክሪስታሉ መጠን በእርሳስ ላይ ወሳኝ ነው። እርሳስ የሞሊብደነምን ኤክስሬይ በብርቱ ይውጣል፤ ከ0.1 ሚሊሜትር ውፍረት የሚያልፈው ጨረር ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በዓይን የሚያስደስተው ትልቁ ክሪስታል ለልኬት የከፋው ነው። ትንሹን መምረጥና በገጾቹ ቅርጽ ላይ የተመሠረተ የመዋጥ እርማት ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ቲን ይቀላል፤ ለጀማሪ ከቲኑ መጀመርን እንመርጣለን።

ቀጣዩ ችግር የኤሌክትሮን ብዛት ነው። እርሳስ 82 ኤሌክትሮን አለው፣ ናይትሮጅን 7፣ የሊቲየም አዮን 2 ብቻ። በከባዱ አተም ጥላ ውስጥ ሊቲየሙ ሊታይ ቀርቶ ሊጠረጠርም ያዳግታል። ማንነቱን የሚነግረን በዙሪያው ያለው ርቀት ነው። ናይትሮጅኖቹ ከማዕከሉ 2.1 ኦንግስትሮም ገደማ ርቀው በቴትራሄድሮን ቅርጽ ከቆሙ ሊቲየም ነው። ከ2.4 እስከ 2.5 ከሆነ ሶዲየም፣ ወደ 3 ከተጠጋ ፖታሲየም ነው። ከዚያ ቻርጁ ይቆጠራል፤ ለአንድ ክላስተር አራት አዎንታዊ አዮን ካልተገኘ ወይ አንድ አዮን ቀርቷል፣ ወይ ክላስተሩ ባለ ሦስት ቻርጅ ነው፣ ወይም አሞኒያ የተባለው አንዱ አማይድ ነው። ሃይድሮጅኖቹ በአስተማማኝ ስለማይታዩ ይህን የመጨረሻውን ጥርጣሬ ቶሎ ማለፍ አይገባም።

ክላስተሩ ራሱ እንዲህ ቆሟል፦ አራት አተሞች በካሬ፣ በላያቸው ሌላ አራት በ45 ዲግሪ የዞረ ካሬ፣ ዘጠነኛው አተም ከአንደኛው ካሬ በላይ እንደ ቆብ። የቲን ለቲን ርቀቱ ከ2.9 እስከ 3.3 ኦንግስትሮም አካባቢ ነው። እያንዳንዱ አተም ለአጽሙ ሁለት ኤሌክትሮን ያዋጣል፣ አራቱ ቻርጆች ሲጨመሩ 22 ይሆናል። የክላስተርን ቅርጽ ከኤሌክትሮኖቹ ብዛት በሚተነብየው በዌድ ደንብ መሠረት ዘጠኝ ማዕዘን ላለው አንድ ጎኑ ክፍት አጽም የሚጠበቀው ይኸው ቁጥር ነው። የሦስት ቻርጁ ክላስተር 21 ስለሚኖረው ቅርጹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የካሬው ሁለት ሰያፍ መስመሮች እኩል መሆናቸውን መለካት ቻርጁን የማረጋገጫ ሌላ መንገድ ነው። ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ ክላስተሩ ለስላሳ ስለሆነ ጎረቤት አዮኖች ሲጫኑትም ይጣመማል።

የሊቲየሙ ጨው እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። አራቱ አሞኒያ ሊቲየሙን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈኑት ከክላስተሩ ጋር አይነካካም፤ ክላስተሩን የሚከበው የአሞኒያው ሃይድሮጅን ነው። ሩቢዲየምና ሲዚየም ትላልቅ ስለሆኑ አሞኒያው አይሸፍናቸውም፣ በቀጥታ ከክላስተሩ አተሞች ጋር ይገጥማሉ። ይህ ልዩነት በ2009 በታተመው ሌላ የኮርበር ቡድን ሥራ ጎልቶ ይታያል። አራት አተምና አራት ቻርጅ ብቻ ያላቸው የቲንና የእርሳስ ክላስተሮች፣ ማለትም ለአንድ አተም ሙሉ አንድ ኤሌክትሮን የተሸከሙት፣ ከአሞኒያ በሩቢዲየም ጨውነት ወጡ፤ ለአንድ ክላስተር የነበረው አሞኒያ ሁለት ሞለኪውል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሙከራ የሚያቅድ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው አዎንታዊውን አዮን ነው፦ ክላስተሩን ብቻውን ለማየት ሊቲየም፣ ክላስተሩ ከአዮኖች ጋር እንዴት እንደሚገጥም ለማየት ሩቢዲየም ወይም ሲዚየም።

ሥራው ሲያልቅ አሞኒያው በጭስ ማውጫ ስር ቀስ ብሎ በውሃ ወይም በለዘዘ አሲድ ውስጥ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው ዝቃጭ አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ስለሚችል በአርጎን ስር በመጀመሪያ በደረቅ አይሶፕሮፓኖል፣ ዘግይቶ በውሃ ኃይሉ እንዲያልቅ ይደረጋል። እርሳስ ያለበት ፍሳሽ ወደ ማጠቢያ አይደፋም፤ ለብቻው ተለይቶ በከባድ ሜታል ቆሻሻነት ይያዛል።